ሥራ አለ፣ እንጀራ ግን የለውም፦ «የአገር ቤት ወጣት ሥራ ይንቃል» ለምንል ሁሉ



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው። አገር ቤት የሚደውል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቤት የተቀመጠ ወንድም አለ። ፋብሪካ ገብታ ዓመት ሳይሞላት ጥላ የወጣች እህት አለች። «ሥራ አገኘሁ» ብሎ ካስደሰተን በኋላ ወሩ ሳያልቅ ለቤት ኪራይ የሚደውል የአክስት ልጅ አለ።

ለዚህ ሁሉ እኛ ውጭ ያለነው አንድ የለመድነው መልስ አለን። «የአገር ቤት ወጣት ሥራ ይንቃል!» እንላለን። ዋሽንግተን ላይ ሌሊቱን ሲነዳ የሚያድረውም፣ ፍራንክፈርት መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚሸከመውም፣ ሪያድና ቤሩት የሰው ቤት የምትሠራውም ይህንኑ ትላለች፣ ይላል። «እኔ እዚህ ሳህን አጥቤ ነው የምልክለት፤ እሱ እዚያ ኩራቱን ይዞ ቁጭ ብሏል።»

ንዴቱ ይገባኛል። የላብን ዋጋ የሚያውቅ ላብ ያፈሰሰ ነው። ግን እስኪ ረጋ ብለን ሂሳቡን እንሥራው። ሂሳቡ ሲሠራ የሚወጣው ነገር ከለመድነው መልስ ይለያል። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ የወጣቱ ችግር ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም፤ የሚገኘው ሥራ ራሱ ሠራተኛውን አያበላም። ጉድለቱን የሚሞላው ደግሞ ቀጣሪው አይደለም፣ መንግሥትም አይደለም። እኔና እናንተ ነን።

ሳህን ማጠብና ሳህን ማጠብ ይለያያል

ከራሳችን እንጀምር። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. በሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። በዚያ ክፍያ ሳህን የሚያጥብ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት፣ በአራት ሳምንት 160 ሰዓት ቢሠራ፣ ግብር ሳይቆረጥ 2,872 ዶላር ያገኛል። ሀብታም አይሆንም። ኪራዩ ይጨርሰዋል። ሁለተኛ ሥራ ይጨምራል፣ ከሦስት ሰው ጋር ቤት ይጋራል። ግን ይበላል፣ ያድራል፣ ወሩ ሲያልቅ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር ለእናቱ ይልካል። የተናቀው ሥራ ባለቤቱን ያኖራል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንሂድ። ሳህን የሚያጥበውን እንተወውና ዲግሪ ያለውን፣ ዕድል ቀንቶት መንግሥት ቤት የተቀጠረውን እንውሰድ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የደመወዝ ጭማሪ ይፋ ሲያደርግ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ይከፈል የነበረው 6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚል ተነግሯል። በወረቀት ላይ ትልቅ ጭማሪ ነው።

እጁ ላይ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከግብር ነፃ የሆነው የመጀመሪያው 2,000 ብር ብቻ ነው። ቀድሞ 600 ብር ነበር፣ መሻሻሉን አንክድም። ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ ይቆረጣል። ለ11,500 ብር ግብሩ 2,100 ብር ይመጣል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይቀነሳል። የሚቀረው 8,595 ብር ነው። ዶላርን በ150 ብር ብናሰላው 57 ዶላር ገደማ።

በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ጠዋት ማታ ታክሲ ከፍሎ፣ ምሳ በልቶ መዋል ይቻላል? የኑሮውን ዋጋ ከኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በየወሩ ትሰሙታላችሁ። ከወላጅ ቤት ያልወጣ ልጅ ይችለው ይሆናል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ልጅ ግን ሥራው ራሱ ዕዳ ይሆንበታል።

ልብ በሉ፣ ይህ በአንጻሩ ደህና ከሚባለው ወገን ነው። በግሉ ዘርፍ ተቀጥሮ ከዚህ በታች የሚያገኘውን ስንቱን መጥራት ይቻላል። ለምን ቢባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በአገር አቀፍ ደረጃ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምና ዝቅተኛው ደመወዝ እንደሚወሰን ይናገራል። ኢሠማኮ ጥያቄውን ስንት ዓመት ሲያነሳ ኖሯል። ወለሉ ግን እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም።

ሐዋሳ ያስተማረችን

«ደመወዝ ዝቅ ሲል ባለሀብት ይመጣል፣ ባለሀብት ሲመጣ ሥራ ይበዛል፣ ሥራ ሲበዛ ደመወዝ ያድጋል» የሚል ክርክር አለ። ባዶ ክርክር አይደለም፤ ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ሄደው ተሳክቶላቸዋል። እኛም ሞክረነዋል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በሙሉ አቅሙ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። ጥናቱ ይህንን በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ውስጥ ዝቅተኛው ክፍያ ብሎታል። ውጤቱስ? ልጆቹ ጥለው ሄዱ። ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ጊዜ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ ለመተካት ተገድደው እንደነበር ይኸው ጥናት ያስረዳል።

እነዚያ ልጆች ሥራ ንቀው ነው? ከየወረዳቸው ተነሥተው መጥተው፣ ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ ሲውሉ የከረሙ ልጆች ናቸው። የሄዱት ኪራይና ምግብ ሲከፍሉ እጃቸው ላይ የሚተርፍ ነገር ስላልነበረ ነው። ለቤተሰብ ይልካሉ ተብለው የተላኩ ልጆች ከቤተሰብ መለመን ጀመሩ።

ከዚያ ደግሞ ውጪ ውጪውን የሚያይ ኢኮኖሚ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናጋ አየን። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች፤ ውሳኔው ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘግቶ ወጥቷል። ሌሎችም ተከተሉ። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ባለሥልጣናት የፖለቲካ ዱላ ሲማዘዙ ዱላው ያረፈው ስለ አጎዋ ሰምታ በማታውቅ የ20 ዓመት ልጅ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን እዚህ ውጭ ያለነው አንዱ ወገን «ይውጡ!» ሲል፣ ሌላው ወገን «ለምን?» ሲል ሰልፍ ወጥተናል። ስለ እርሷ ግን ብዙም አላወራንም።

ኢኮኖሚው አድጓል ይባላል፤ ወጣቱ የት ጋ ነው ያለው?

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኢኮኖሚው 8 ነጥብ 1 በመቶ አድጓል ይላል። የ2017 የወጪ ንግድ ገቢም ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ በታሪክ ከፍተኛው ተብሏል። ታዲያ አገር እያደገ ወጣቱ ለምን ጎዳና ቀረ?

ትልቁን ድርሻ የያዙት ወርቅና ቡና ናቸው። ሁለቱም ጥሩ ነገር ናቸው፤ ገበሬውም ቆፋሪውም ይጠቀም። ግን ወርቅ ሲወደድ ወይም የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲሰቀል አዳማ ላይ አካውንቲንግ ተምራ ለተመረቀች ልጅ የሚከፈት አዲስ ወንበር የለም። ዕድገቱ ያለው አንድ ሰፈር ነው፣ ሥራ ፈላጊው ያለው ሌላ ሰፈር።

ሁለተኛው ብድር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አስቀመጠ። በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። የዋጋ ንረት ወደ 30 በመቶ በተጠጋበት ጊዜ አንድ ነገር መደረግ ነበረበት፤ እውነት ነው፣ ንረቱም ወርዷል። ግን ገደብ ሲጣል ባንክ ያለችውን ብድር ለማን ይሰጣል? ለሚያውቀው፣ ሕንጻ ለሚያስይዘው ትልቅ ደንበኛ። አምስት ልጆች ቀጥሮ ብረታ ብረት የሚሠራው፣ ሦስት ልጆች ይዞ ዳቦ የሚጋግረው ተራው አይደርሰውም። አዲስ ተመራቂን ከሚቀጥሩት አንዱ ግን ይኼ ትንሹ ቀጣሪ ነው።

በነገራችን ላይ «ንረቱ ወረደ» ማለት «ዋጋ ወረደ» ማለት አይደለም። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ሦስተኛው የብር ጉዳይ ነው። አገሪቱ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ መክፈል አቃታት። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በዚያው ቀን አይኤምኤፍ የ3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር አለፈ። ለኛ ለምንልከው የተመነዘረው ብር በዛ። በብር ደመወዝ ለሚኖረው ግን ደመወዙ በአንድ ክረምት በዶላር ግማሽ ሆነ። ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ደግሞ ወይ ዋጋ ጨመረ ወይ ሰው ቀነሰ።

አራተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጦርነት ነው። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም ትግራይ ውስጥ የዓድዋውን አልሜዳ ጨርቃ ጨርቅን ጨምሮ ፋብሪካዎች ወድመው ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ግጭት ነው። የኦሮሚያም ሰላም ሙሉ አይደለም። ላሊበላና ጎንደር ቱሪስት ሲጠፋ አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ በቅሎ አከራዩ ሥራ ፈታ። መንገድ ሲዘጋ የጭነት መኪና ረዳቱ ሥራ ፈታ። ሲቪ አሻሽል፣ ክህሎትህን አሳድግ ብትለው በተዘጋ መንገድ ላይ የት ይደርሳል?

የሚሊዮኖች ሪፖርት

መንግሥት በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር የሥራ ዕድል ፈጠርኩ ይላል። በ2011 ዓ.ም. ተቋቁሞ የነበረው የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 14 ሚሊዮን ሥራ ለመፍጠር አቅዶ ነበር። ዛሬ ጉዳዩን የያዘው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው፤ የየሩብ ዓመቱ ሪፖርትም አይቋረጥም።

ቁጥሩ ሐሰት ነው ብዬ ክርክር ውስጥ አልገባም። ከዚያ ይልቅ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ልጠይቅ፦ ሥራው ስንት ይከፍላል? ስንት ወር ይቆያል? በዓለም አቀፉ የሥራ ስታቲስቲክስ ልማድ በተጠናው ሳምንት ለክፍያ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው «ሥራ አለው» ተብሎ ይመዘገባል። መለኪያው ለሌላ ዓላማ የወጣ ነው፣ የኢትዮጵያም ፈጠራ አይደለም። ግን ስልክ ካርድ አዙሮ የሚሸጥ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሲሚንቶ የሚያወርድ፣ የሰው ባጃጅ ለግማሽ ቀን የሚይዝ ሁሉ በዚህ መለኪያ ሥራ አጥ አይደለም። ደሃ አገር ውስጥ ሥራ አጥነት በቁጥር ዝቅ የሚለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የሚችለው የሚያበላው ያለው ሰው ነው። የሌለው ያገኘውን ይሠራል፣ ተርቦም ይሠራል።

ስለዚህ «3 ሚሊዮን ሥራ» ሲባል «ከነዚህ ውስጥ በዓመቱ ያሉት ስንቶቹ ናቸው? ከስንት ብር በላይ ያገኛሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ፣ የምክር ቤት አባል፣ ባለሙያ ያስፈልጋል። የተፈጠረ ሥራ ብቻ ተቆጥሮ የጠፋ ሥራ ካልተቆጠረ፣ ባልዲ ውስጥ የሚገባውን ውኃ ብቻ እየለኩ ከታች የሚፈስሰውን አለማየት ነው።

ሰልፉ ደግሞ እየረዘመ ነው። በየዓመቱ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ወጣት ወደ ሥራ ገበያ ይገባል ተብሎ ይገመታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3 ነጥብ 2፣ በ2016 5 ነጥብ 4። ኩረጃን ማስቆሙን እደግፋለሁ። ግን የቀሩት ከመቶ ዘጠና አምስቱ ልጆች የት ገቡ? ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከአሥሩ አራት ገደማ ነበሩ። ሁለቱንም አልፎ፣ ሐኪም ሆኖ፣ ሆስፒታል የገባውስ? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት በደመወዝ ጥያቄ ነው፤ በዚህም ምክንያት የታሰሩ ነበሩ። የክፍሉ አንደኛ የነበረው ልጅ «ደመወዜ አያኖረኝም» ካለ፣ ሃያኛ የወጣውን «ሥራ ትንቃለህ» ማለት እንዴት ይሆናል?

ጉድለቱን የምንሞላው እኛ ነን

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ያ 8,595 ብር የሚቀረው ልጅ ወሩን ለመጨረስ ሌላ 10 ሺህ ያስፈልገዋል እንበል። ከየት ይመጣል? ከዳላስ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ ይመጣል። ይህ ማለት እኛ የምንልከው ገንዘብ ለወንድማችን ብቻ የተላከ አይደለም። ቀጣሪው ሳይከፍል የቀረውን ደመወዝ ነው የምንከፍልለት። የሥራ አጥ ድጎማ በሌለበት አገር የሥራ አጥ ድጎማው የእኛ ኪስ ነው። መንግሥትም፣ ባለ ድርጅቱም ልጁ እንደማይራብ ያውቃል፤ ውጭ ሰው አለዋ!

ውጭ ሰው የሌለውስ? እዚያ ላይ ነው ትልቁ ሐዘን። የሱ መውጫ እግሩ ነው። በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን፣ አብያን ጠረፍ ላይ ጀልባ ሰጥማ ከ90 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በስደተኞች ላይ የፈጸሙትን ግድያ ሂውማን ራይትስ ዋች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. በዝርዝር አውጥቶታል። ልጆቹ ይህንን አያውቁም? ያውቃሉ። ስልካቸው ላይ አለ። አውቀው ነው የሚሄዱት።

የተማረውም አልተረፈም። እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚችሉ ኢትዮጵያውያን «ታይላንድ የቢሮ ሥራ» ተብለው ማያንማር ድንበር ላይ በኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ተዘግተው ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከነዚያ ካምፖች ከወጡት ሺዎች መካከል የእኛ ልጆች ብዙ ነበሩ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የሚያድነው ሥራ ያጣውን ተመራቂ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

«መላክ አቁሙ» አልልም። ማንም የእናቱን ጉሮሮ ዘግቶ ለመንግሥት ትምህርት አይሰጥም። ግን በየቤታችን ልንነጋገርባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የማስለቀቂያውን ወሬ አስቀድመን እናውራ። ሊቢያ ወይም የመን ላይ ልጅ ተይዞ ድምፁን በስልክ ሲያሰሙን ማንም አይችልም፤ ቤት ይሸጣል፣ ዕቁብ ይወጣል፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ይዋጣል። የሚሊዮን ብር ማስለቀቂያ ከተገኘ፣ ልጁ ከመነሣቱ በፊት ከዚያ ሲሶውን ማግኘት ለምን አቃተን? ብዙ ጊዜ መልሱ «አልጠየቀንም» ነው። አልጠየቀንም፣ ምክንያቱም ባለፈው ሲጠይቅ «ሥራ ትንቃለህ» ብለነዋል።

ሁለተኛ፣ በሕጋዊ መንገድ ወደ አረብ አገር የምትሄድ እህት ካለች ሕጉን እንወቅላት። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ነው። «የቪዛ ነው፣ የትኬት ነው» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ከውጭ ገንዘቡን የምንልከው እኛ ነንና የመጀመሪያው ማጣሪያ እኛ ልንሆን ይገባል።

ሦስተኛ፣ «ሥራ ልጀምር» ብሎ የሚጠይቀውን ልጅ እንደ ባለሀብት እንጠይቀው፣ እንደ ፖሊስ አንመርምረው። እዚያው ሰፈር ስንት ሰው ይህንን ይሠራል? የኪራይ ውሉ ለስንት ጊዜ ነው? መንገዱ ለኮሪደር ልማት የሚነሳ ነው? ዕቃው በዶላር የሚመጣ ነው? የሁሉም ሰው ሐሳብ ባጃጅና ቡቲክ ሲሆን ገበያው ይሞላል። ለምሳሌ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው፤ በደንብ የሚጠግነው ግን ገና ጥቂት ነው። አንድ ልጅ ለስድስት ወር ኪራይና ምግቡን ከፍለንለት እንዲህ ያለ ሙያ ቢይዝ፣ ለአምስት ዓመት በየወሩ ከምንልከው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሁሌ ይሳካል አልልም። ግን ጥያቄውን እንለውጠው፦ «ስንት ልላክልህ?» ከማለት «ምን ብትይዝ ራስህን ትችላለህ?» ወደማለት።

አራተኛ፣ በአደባባይ የምንጠይቀውን እንለውጥ። ኤምባሲዎች ሲሰበስቡን «ኢንቨስት አድርጉ፣ በባንክ ላኩ» ይሉናል። እሺ፣ እንላክ። ግን እኛም እንጠይቅ፦ የደመወዝ ቦርዱ የት ደረሰ? የሥራ ፈጠራ ሪፖርቱ ከነደመወዙ ለምን አይታተምም? አዲስ ተመራቂ ለሚቀጥር ትንሽ ድርጅት ብድር እንዴት ይድረስ? አገር ቤት ገንዘብ አፍስሰን ድርጅት የከፈትን ሰዎችም ራሳችንን እንጠይቅ፤ የምንከፍለው ደመወዝ ልጁን ያኖረዋል ወይስ የእርሱም ጉድለት ሌላ አገር ባለች እህቱ ይሞላል?

ዝቅተኛ ደመወዝ ከተደነገገ ቀጣሪ ይሸሻል የሚል ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ። ወለሉ ያለ ቅጥ ከፍ ካለ እውነት ሊሆን ይችላል። ለዚያም ነው ሠራተኛ፣ አሠሪና መንግሥት ተቀምጠው በጥናት ይወስኑ የሚባለው። ወለል ሳይኖርም ግን ፒቪኤች ሄዷል። በ26 ዶላር ያላቆየነውን ባለሀብት በረሃብ ደመወዝ ለዘላለም እናቆየዋለን ማለት ዘበት ነው። የሚቆየው ሰላም ያለበት፣ መንገዱ ያልተዘጋበት፣ ሠራተኛው በየዓመቱ የማይለቅበት ቦታ ነው።

ወጣቱ ውስጥ ሰነፍ የለም አልልም። አለ፤ እዚህ እኛም ዘንድ አለ። ግን አንድ ትውልድ በአንድ ጊዜ ሰነፍ አይሆንም። አባቶቹ በዚያው አገር በአንድ ደመወዝ ቤተሰብ ያስተዳደሩ፣ ታላላቆቹ ኮብልስቶን ሲያነጥፉ የዋሉ፣ ወንድሞቹ ሪያድ ደርሰው ከማንም በላይ የሚሠሩ ልጅ በተፈጥሮው ሥራ ጠል ሊሆን አይችልም። ያው ልጅ ድንበር ሲሻገር ታታሪ የሚሆነው የከፈለው ላብ የሚበላ ነገር ስለሚያመጣለት ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ስትደውሉ «ሥራ አገኘህ ወይ?» ብቻ አትበሉት። «ያገኘኸው ሥራ ያበላሃል ወይ?» በሉት። መልሱን ታገሱና ስሙት። ከዚያ ምን እንደሰማችሁ ጻፉልን።

ቸር እንሰንብት።